ውሃ የሚፈታው ትስስር

ከሥራ ውላችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ልጆቻችሁን አስከትላችሁ ስለ ኬሚስትሪ ለመስማት መምጣታችሁ ያስደስተኛል፤ ትንሽም ያስፈራኛል።

የዛሬው ርዕሴ ኬሚስቶች ሃይድሮሊሲስ የሚሉት ነው፤ ውሃ በሁለት የሞለኪውል ክፍሎች መካከል ገብቶ ትስስራቸውን ሲፈታ ማለት ነው። ዓላማዬ ቀመር ማስጠናት አይደለም። ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ውሃ የምንበላውን፣ የምንለብሰውን፣ ሥጋችንን ሳይቀር መፍታት ይችላል። ነገር ግን ለብቻው ከተተወ እጅግ ዘገምተኛ ነው። ወጥ ቤቱም፣ ፋብሪካውም፣ መድኃኒት ቤቱም ሥራቸው ያንን ዝግታ ሲያሻቸው ማፍጠን፣ ሲያሻቸው ደግሞ ባለበት እንዲቆይ መጠበቅ ነው። አስቀድመን የነገሩን ምንነት እናያለን፤ ከዚያ ብቅልና ቅቤ ዘንድ እንቆያለን፤ ቀጥለን ወደ እንዶድ፣ በመጨረሻም ወደ ፋብሪካና ወደ መድኃኒት እንሻገራለን።

ከዚያ በፊት ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሁለት ብርጭቆዎች ልብ በሉልኝ። ሁለቱም ውስጥ ያለው በብዙ ውሃ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ የበቆሎ ስታርች ነው። ቀኝ በኩል ባለው ውስጥ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አሁን ምራቄን ጨምሬበታለሁ። ለጊዜው እንተዋቸው።

ሻይ ውስጥ ስኳር ስታማስሉ ስኳሩ ከዓይን ይሰወራል እንጂ አይፈታም፤ ውሃው ቢተን ያንኑ ስኳር መልሳችሁ ታገኙታላችሁ። ሃይድሮሊሲስ ከዚህ የጠለቀ ነው። የገበያው ስኳር፣ በኬሚስቶች ስሙ ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሚባሉ ሁለት ትናንሽ ስኳሮች ተጋጥመው የሠሩት ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል መጋጠሚያው ላይ ሲገባ ራሱም ይከፈላል፤ አንዱ ሃይድሮጅን ለአንደኛው ወገን፣ የቀረው ለሌላው ይደርሳል። በሚዛን ስናየው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። 342 ግራም ሱክሮስ ሙሉ በሙሉ ሲፈታ 180 ግራም ግሉኮስና 180 ግራም ፍሩክቶስ ይወጣል፤ ድምሩ 360 ነው። ትርፉ 18 ግራም ከየት መጣ? ከውሃው ነው። አልተነነም፣ አልፈሰሰም፤ የስኳሩ አካል ሆኖ ቀረ። ንብም ከአበባ በቀሰመችው ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ከራሷ አካል የሚወጣ ኢንዛይም ትጨምርበትና ሱክሮሱን ትፈታዋለች። ጠጅ የምንጥልበት ማር አብዛኛው ግሉኮስና ፍሩክቶስ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሸንኮራ አገዳ ውስጥ ውሃና ስኳር አብረው እየኖሩ ስኳሩ ለምን ተፈትቶ አያልቅም? ጥጥ በዝናብ ሲመታ፣ እንጨት ወንዝ ውስጥ ሲወድቅ ለምን ወደ ስኳርነት አይለወጥም? መልሱ ጊዜ ነው። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሪቻርድ ዎልፈንደንና ባልደረቦቹ እነዚህ ትስስሮች ረዳት በሌለበት ንጹሕ ውሃ ውስጥ በምን ፍጥነት እንደሚፈቱ ለክተዋል። በከፍተኛ ሙቀት ለክተው ወደ 25 ዲግሪ ሲያሰሉት፣ ጥጥንና እንጨትን የሚሠራው የሴሉሎስ ትስስር ግማሹ እስኪፈታ ወደ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚፈጅ አገኙ። ፕሮቲንን የሚያያይዘው ትስስር ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጃል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ዘርፍ ቁጥሮች ሁሉ የሚያስደንቁት እነዚህ ናቸው። አካላችን ከግማሽ በላይ ውሃ ሆኖ ሳለ የማንሟሟው ውሃው ስለማይችል አይደለም፤ ስለማይቸኩል ነው። ትናንት የበላነው ሽሮ ግን ዛሬ ጠዋት ተፈትቶ ደማችን ውስጥ ገብቷል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚሠራው ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ለውሃው ጉልበት አይጨምርለትም፤ የሚወጣውን ዳገት ዝቅ ያደርግለታል።

ሰው ይህን ዳገት በራሱ ብልሃት ዝቅ ማድረግ የጀመረው በአሲድ ነበር። በ1811 (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ናፖሊዮን በእንግሊዝ ላይ ባወጀው የንግድ እገዳ ምክንያት የአገዳ ስኳር በአውሮፓ ብርቅ ሆኖ ነበር። በሴንት ፒተርስበርግ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጎትሊብ ኪርሆፍ ግን ያን ጊዜ ይፈልግ የነበረው ስኳር አልነበረም፤ ለሸክላ ዕቃ ሥራ የሚውለውን የግራር ሙጫ የሚተካ ነገር ነበር። ስታርችን በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ሲያፈላው ሙጫ መሳዩ ፈሳሽ እየጣፈጠ ሄደ። ከሁሉ ያስገረመው ግን አሲዱ ነው፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ሲለካው ምንም አልጎደለም። አሲዱ ለውሃው መንገድ ከፈተ እንጂ ራሱ አልተበላም። ዛሬ ብስኩትና ከረሜላ ውስጥ የሚገባው የግሉኮስ ሽሮፕ ዘሩ የሚቆጠረው ከዚያ ድስት ነው።

በአገራችን ግን ይኸው ሥራ ያለ አሲድ ሲሠራ ኖሯል። አሁን ወደ ብቅል እንምጣ። ገብሱ ይነከራል፣ ውሃው ጠልሎ በቅጠል ይሸፈናል፣ ጎንቆል ሲጀምር ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ገብሱ ሊበቅል ሲነሳ ለችግኙ ስንቅ ያስፈልገዋል፤ ስንቁ ደግሞ በስታርች መልክ ተቆልፎ ተቀምጧል። ስለዚህ ቁልፉን፣ ማለትም አሚላዝ የሚባሉትን ኢንዛይሞች፣ እያመረተ ያዘጋጃል። ባለሙያዋ ሴት የምትሠራው ገብሱ ቁልፉን አዘጋጅቶ ስንቁን ገና ሳይበላ ማቋረጥ ነው። ቀኑን ካሳለፈችው ገብሱ ስኳሩን ለራሱ ቡቃያ ያውለዋል፤ ካስቸኮለችው ቁልፉ ገና አልተሠራም።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ለጠላ የሚሆነው እንኩሮ ምጣድ ላይ ይታመሳል፣ ቂጣውም ይጋገራል፤ ብቅሉ ግን ፀሐይ ላይ ብቻ ይደርቃል። ለሁለቱም በቂ ምክንያት አለ። ጥሬ ስታርች እንደ ጠጠር የታመቀ ስለሆነ ውሃና ኢንዛይም በቀላሉ አይገቡበትም፤ በውሃና በእሳት ሲበስል አብጦ ይላላል። ብቅሉን ምጣድ ላይ ብታደርጉት ግን ኢንዛይሙ ይሞታል። እናቶቻችን ኢንዛይም የሚባል ነገር ሳይሰሙ አንዱን ለእሳት፣ ሌላውን ለፀሐይ መድበዋል። ከዚያ ጌሾው፣ ብቅሉና ቂጣው ጋን ውስጥ ሲገናኙ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ ኢንዛይሙ ስታርቹን ወደ ስኳር እየፈታ ያቀብላል፣ እርሾው እየተቀበለ ወደ አልኮል ይለውጣል። የአሰላን ብቅል የሚወስዱት የቢራ ፋብሪካዎች ሁለቱን ለያይተው ነው የሚሠሩት። የተፈጨውን ብቅል በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈው ከ62 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ሙቀት ያቆዩታል፤ በዚያ ሙቀት ኢንዛይሞቹ በሰዓት ውስጥ ሥራቸውን ይጨርሳሉ። ከ80 ዲግሪ ካለፈ ሥራው ያቆማል። በጋኑ ቀናት የሚፈጀው እዚያ በሰዓት ያልቃል እንጂ ኬሚስትሪው አንድ ነው።

ይህን ኃይል ከብቅል ለይተው ያወጡት ሁለት ፈረንሳውያን ናቸው። አንሰልም ፓየንና ዣን ፍራንሷ ፔርሶ በ1833 ከብቅል ውሃ ላይ በአልኮል ዱቄት አረጉና አንዱ ክብደት 2,000 እጥፍ ስታርች እንደሚያቀልጥ ዘገቡ። ዳያስቴዝ አሉት። ተነጥሎ የተጠና የመጀመሪያው ኢንዛይም ይህ ነው፤ የኢንዛይም ሳይንስ የተጀመረው ከጠላና ከቢራ እህል ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ብርጭቆዎቹን እንያቸው። ከመድኃኒት ቤት የገዛሁትን ቲንክቸር አዮዲን በሁለቱም ላይ ጠብ አደርጋለሁ። የግራው፣ እንደምታዩት፣ ወዲያው እንደ ብዕር ቀለም ጠቆረ፤ አዮዲን ስታርች ካገኘ እንዲህ ይሆናል። የቀኙ ግን የአዮዲኑን ቢጫማ መልክ እንደያዘ ነው። እኛ ስንነጋገር ምራቄ ውስጥ ያለው አሚላዝ ስታርቹን በታትኖታል። እቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ልጆቹ ይወዱታል። ብርጭቆው ሻይ የሚጠጣበት እንዳይሆን ብቻ ተጠንቀቁ።

ግራው ብርጭቆ ውስጥ ከስታርች ይልቅ የወረቀት ብጥብጥ ብጨምርና ምራቄን ብደባልቅበት ግን እስከ ነገ ብንጠብቅም ምንም አይመጣም። ወረቀትና ጭድም እንደ ስታርቹ ከግሉኮስ የተሠሩ ናቸው፤ ልዩነታቸው ግሉኮሶቹ የተያያዙበት አቅጣጫ ብቻ ነው። ለዚያ አቅጣጫ የሚሆን ኢንዛይም ሰው የለውም። በሬም የለውም! በሬ ጭድ በልቶ የሚያርሰው ጨጓራው ውስጥ ያሳደራቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ስለሚፈቱለት ነው። የገበሬው ጉልበት በመጨረሻ የሚቆመው በእነዚህ ላይ ነው።

እስካሁን ያወራነው ማፍጠንን ነው። ማዘግየት የሚያስፈልግበት ደግሞ አለ፤ ከዚህ አንፃር ቅቤን የሚያህል ምሳሌ አላውቅም። ለጋ ቅቤ ውስጥ ከመቶ 15 ያህሉ ውሃ ነው። ከወተቱ የመጣና ተሕዋስያን የሚያመጡት ሊፔዝ የሚባል ኢንዛይም አብሮ አለ። ውሃው ስቡን ሲፈታው ቡትሪክ አሲድ ይለቀቃል፤ ቅቤ ሲቆይ የሚያመጣው ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ እሱ ነው። (በሳሉን የሚመርጡ ወገኖች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክር ውስጥ አልገባም።) ቅቤ ስታነጥሩ ድስቱ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ አረፋ ይደፍቃል። ያ ድምፅ ውሃው እየወጣ ነው። ድምፁ ሲበርድ፣ ቅቤው ሲጠራና ወተታማው ወደ ታች ሲዘቅጥ ሁለት ነገር ሆኗል፤ ውሃው ሄዷል፣ ኢንዛይሙም በሙቀቱ ሞቷል። ኮሰረቱና ኮረሪማው ለመዓዛ ጥሩ ናቸው፤ ከዚህኛው መበላሸት ዋናው ጠባቂ ግን የውሃው መውጣት ነው። እርጥብ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ውስጥ እንዳይገባ የሚቆጡ እናቶች ልክ ናቸው። ይኸው ስብ ሆን ተብሎ በኮስቲክ ሶዳ ሲፈታ ደግሞ ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናል፤ የሳሙናን ነገር ፈረንሳዊው ሚሼል ሼቭረል በ1823 ባሳተመው ጥናት ስላብራራው አልፈዋለሁ።

ሳሙና ካነሳን እንዶድን ሳልናገር ብወርድ ቅር ይለኛል። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዝያው ትል ወደ ሰው ከመምጣቱ በፊት የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ታሪኩን እስከዚህ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እርሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት እንዳገኙም እናውቃለን። ኬሚስትሪውን ግን ለተማሪዎቻችን አንነግራቸውም፤ ይህ ያሳዝነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያልተፈጨ የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ውሁድ በሁለት ጎኑ የስኳር ሰንሰለት የተሸከመ ነው፤ በዚያ መልኩ ቀንድ አውጣን አይገድልም። የሚፈታው ኢንዛይም እዚያው ፍሬ ውስጥ አለ፣ ግን ተለያይተው ነው የሚቀመጡት። ፍሬው ተፈጭቶ በውሃ ሲታሽ ይገናኛሉ፤ ውሃው በኢንዛይሙ ረዳትነት አንደኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል፤ የቀረው ገዳይ ይሆናል። ኬሚስቶች ፍሬውን በውሃ ፋንታ በሜታኖል ሲጨምቁት ኢንዛይሙ ስለማይሠራ የሚያገኙት አብዛኛውን ያንን የማይገድለውን ነው። ከገዳዮቹ አንዱ በዶክተር አክሊሉ ስም ለማቶክሲን ተብሏል። ስለዚህ በአድዋው ወንዝ የታየው ግኝት ውስጥ የዶክተሩ ዓይን ብቻ ሳይሆን የሴቶቹ እጅም አለበት፤ ፈጭተው በውሃ ባያሹት ኖሮ የሚታይ ነገር አይኖርም ነበር። እንዶድ ዓሣንም እንደሚገድል ግን መዘንጋት የለበትም፤ ወንዝ ውስጥ ዝም ብሎ የሚበተን አይደለም። በደቡባችን የሚበላው ካሳቫም በዚሁ ስልት ነው የሚሠራው። ሲላጥና ሲፈገፈግ ኢንዛይሙ መርዙን የተሸከመውን ውሁድ ይፈታል፣ ሳያናይዱ ይለቀቃል፣ በዝፍዘፋና በማድረቅ ይወጣል፤ ቸኩሎ ያበሰለው ይጎዳል።

ወደ ፋብሪካ እንሻገር፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። «ሃይላንድ» የምንለው የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሠራው ፔት ከሚባል ረጅም ሰንሰለት ነው። የሰንሰለቱ መጋጠሚያዎች እንደ ስቡ ሁሉ በውሃ የሚፈቱ ዓይነት ናቸው። ጠርሙስ አምራቹ ጥሬ ዕቃውን ከማቅለጡ በፊት ለሰዓታት በሙቅ አየር የሚያደርቀው ስለዚህ ነው፤ ከ250 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ጥቂት እርጥበት እንኳ ሰንሰለቱን ይቆርጥና ጠርሙሱ ይሰባበራል። ተጠቅመን ስንጥለው ግን በተራ ሙቀት ያው ውሃ ዘገምተኛ ነውና ቦይ ውስጥ ለዘመናት ይከማቻል። በ2016 የጃፓን ተመራማሪዎች በሳካይ ከተማ ካለ የጠርሙስ መልሶ ማምረቻ አካባቢ ፔትን በኢንዛይም ፈትቶ የሚመገብ ባክቴሪያ ማግኘታቸውን አሳወቁ። ስስ የፔት ቅጠልን በ30 ዲግሪ በ6 ሳምንት ከሞላ ጎደል አጠፋው። በ2020 ደግሞ በፈረንሳይ የተሻሻለ ሌላ ኢንዛይም በ72 ዲግሪ ሙቀት በ10 ሰዓት ውስጥ 90 በመቶውን ፈታ። ጋዜጦች «ፕላስቲክ በላው ባክቴሪያ ዓለምን ሊያጸዳ ነው» ብለው ነበር፤ እኔ አልቸኩልም። ጠርሙሱ መጀመሪያ መሰብሰብ፣ መፈጨትና መሞቅ አለበት። የተጣለውን ፔት ሰብስቦ የሚያመጣ ሰው ከሌለ ኢንዛይሙ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ በከተማችን ያን ሥራ የሚሠሩት ማዳበሪያ ተሸክመው የሚዞሩት «ቆራሌዎቻችን» ናቸው።

የመጨረሻው ክፍል መድኃኒት ነው፤ ይህንን ለመጨረሻ ያቆየሁት ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። የቆየ አስፕሪን ጠርሙስ ስትከፍቱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ፣ እርጥበት ገብቶ አስፕሪኑን ወደ አሴቲክና ሳሊሲሊክ አሲድ ፈትቶታል ማለት ነው፤ አትዋጡት። ከዚያ የሚከብደው ደግሞ የልጆች አሞክሲሲሊን ነው። መድኃኒት ቤቱ ጠርሙሱን የሚያስቀምጠው ደረቅ ዱቄት አድርጎ ነው። ፋርማሲስቱ ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ ሲበጠብጠው ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። ይህ መድኃኒት ልክ እንደ ፔኒሲሊን አራት ማዕዘን ያለው ትንሽ ቀለበት አለው፤ ባክቴሪያውን የሚገድለው በዚያ ቀለበት ነው፤ ውሃ ደግሞ ቀስ እያለ ቀለበቱን ይከፍተዋል። የተከፈተ ቀለበት አይገድልም። በጠርሙሱ ላይ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት 7 ወይም 14 ቀን የሚል የሚጻፈው በዚህ የተነሳ ነው።

ባክቴሪያዎችም ይህን መንገድ ያውቁታል። ኤድዋርድ ኤብራሃምና ኧርንስት ቼይን በ1940፣ ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ ሳይዳረስ፣ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚያጠፋ ኢንዛይም እንዳላቸው ዘገቡ፤ ኢንዛይሙ ቀለበቱን በውሃ ያስከፍታል። በንጹሕ ውሃ ቀናት የሚፈጀውን ያ ኢንዛይም በቅጽበት ይፈጽመዋል። ዛሬ «መድኃኒቱን ተለማመደ» የምንለው ችግር አንዱ ትልቅ ክፍል ይኸው ሃይድሮሊሲስ ነው። ኃይሉ የተዳከመ መድኃኒት በጎደሎ መጠን የሰጠነው ልጅ ላይድን ይችላል፤ ሰውነቱ ውስጥ የሚተርፉትም ያ ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች ይሆናሉ።

ስለዚህ አደራ የምላችሁ ይህን ነው። ማታ ቤት ስትደርሱ የማቀዝቀዣውን በር ክፈቱና ካለፈው ሕመም የተረፈ የተበጠበጠ ሽሮፕ ካለ የተበጠበጠበትን ቀን እዩ። ቀኑ ካለፈ ለማንም ልጅ አትስጡ፤ ለጎረቤት ልጅም አታውሱ። ወደ ፋርማሲው ይዛችሁ ሂዱና እንዴት እንደሚወገድ ጠይቁ፤ ልጁ ዳግም ከታመመም እንደገና ይመርመር።